ያየና ያላየ

ጋይንት ውስጥ፣ አርብ ገበያ፣ በገበያው ቀን ጠላ ቤት ጎራ ያለ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። የዐረብ አገርን ወሬ የሚያስረዝመው ከደብረ ታቦር አልፎ የማያውቀው ነው። ወለሉ እብነ በረድ፣ ቧንቧው ወርቅ፣ ደመወዙ በጆንያ! እዚያው ጥግ የተቀመጠች፣ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ልጅ «ኧረ አያ፣ እኔስ የምተኛው ማድ ቤት ነበር» ስትል፣ «አንቺማ ዕድልሽ ነው!» ይሏታል። ጠላው ይቀዳል፣ ወሬው ይቀጥላል።

ይህን ዓመል ለጋይንት ብቻ እንዳትሰጡት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሎንዶን አንባቢም ይዞት ነበር፤ ያውም በእኛው አገር ወሬ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ምድራችንን አልረገጠም። የሚያውቃት የፖርቱጋሉን ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. ስላሳተመ ነው። በ1759 እናቱ ሞተችና ለቀብሯ ገንዘብ ቸገረው። በአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ፣ «ራስላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፎ ጨረሰ። የንጉሥ ልጆች ተዘግቶባቸው የሚኖሩበት፣ ምንም የማይጎድልበት ሸለቆ፣ እሱም በአማራ! ግሸን አምባ ላይ ታስረው ብርድ ሲቆላቸው የኖሩትን መሳፍንት ማን በጠየቀልኝ። እንግሊዝ ግን ወደደለት። መጽሐፍ መግዣ ያጣው እንኳ በኪራይ የሚያነብበት ዘመን ነበርና የልብ ወለድ ገበያው ደርቶ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ መጣ። በ1770 ጎንደር ገባ፣ ወደ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፣ ግሽ ዓባይንም በዓይኑ አየ። አገሩ ተመልሶ ያየውን ተናገረ፦ አክሱም አቅራቢያ ወታደሮች ላም አጋድመው፣ ከነነፍሷ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳዋን መልሰው፣ ጭቃ ለቅልቀው፣ አስነሥተው ነዷት። ሎንዶን በሳቅ ፈረሰች። ጥሬ ሥጋ በሉ ብሎ ቢያቆም የትኛውም የጋይንት ገበሬ ይመሰክርለት ነበር፤ የጎዳው ላሟን ማስነዳቱ ነው። አምስቱን ጥራዝ እስከ 1790 ድረስ አላሳተመም። አሳትሞም አልዳነ፤ በ1792 የዚያ የታወቀው ቀጣፊ፣ የባሮን ሙንቻውዘን፣ ተረት ተከታይ ክፍል ለብሩስ መታሰቢያ ተብሎ ወጣ።

ጆንሰንስ? ብሩስን መጀመሪያ ሲያነጋግረው ኢትዮጵያ መሄዱን ሊያምን ዳድቶት፣ ኋላ ግን ሐሳቡን እንደ ለወጠ ተጽፎለታል። ያላየው ዳኛ፣ ያየው ተከሳሽ!

«ራስላስ»ን ስራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶልናል። ዛሬ ታዲያ «እንግሊዞች ያኔ ስለ አማራ ልብ ወለድ ጽፈዋል» እያለ ደረቱን የሚነፋ አይጠፋም። «አነበብከው?» በሉታ።

«ስለ እኛ መሆኑ መች አነሰና!»