በየትኛው «ሰ» እንፈልግ?

ግጥም ሊያጠና ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በፊደል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ሥነ ግጥም» ብሎ ሲጽፍ ጥቂት መጻሕፍት ይመጡለታል። «ስነ ግጥም» ሲል ሌሎች ይመጣሉ። አጣብቆ «ስነግጥም» ካለ ደግሞ ቅድም ያልነበሩ ብቅ ይላሉ። «ሒስ» በ«ሐ» አለ፣ በ«ሀ» አለ፤ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ«ጸ» እና በ«ፀ» ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። መዝጋቢው እጁ ላይ በመጣለት ፊደል መዘገበ፤ ማሽኑን ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ እንዲያነብ ያስተማረው የለም። እኛም እንደ ሎተሪ እየቀያየርን እንሞክራለን።

ወደ ውጭ አገር መዝገቦች ሲሄዱ ይብሳል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም እየመሰላቸው ጸጋዬን «ገብረ መድኅን» ከሚለው ሥር ያስገቡታል። የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። የጸጋዬ «እሳት ወይ አበባ» የታተመው በ1966 ዓ.ም. ነው። አንዱ መዝጋቢ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «ዓ.ም.»ን ከረሳት፣ በ1963 ዓ.ም. የወጣው የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» ደግሞ ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ከተመዘገበ፣ ታናሹ መጽሐፍ ታላቅ ሆኖ ያርፈዋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ማን በማን ላይ ተጽዕኖ እንዳሳደረ የሚተነትን አይጠፋም።

ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቶማስ ኬን ያሰባሰባቸው ብዙ የአማርኛና የግእዝ ጽሑፎች አሉ። የሚጠየቁት ግን በዕብራይስጥ ክፍል በኩል ነው። ይሁን፣ ቢያንስ በሩ ይታወቃል።

ግጥሙስ ተፈልጎ ይገኛል። የሚያስመርረው ሒሱ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥሞች እንኳ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው የተሰበሰቡት በ1998 ዓ.ም.፣ እሱ ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለ ግጥሞች የተጻፈውንማ ማን ይሰብስበው? ክርክሩና ሙግቱ በየመጽሔቱና በየጋዜጣው፣ በ«መነን»፣ በ«የካቲት»፣ በ«አዲስ ዘመን» ገጾች ተበትኖ ቀርቷል። ማን ስለ ማን መቼ እንደጻፈ የሚጠቁም ማውጫ ያጣ አንባቢ ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር ከመግለጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ለዚያውም ጥራዙ ከተገኘ። «የትብብር ደብዳቤ አምጣ» አለ፣ «ለጥገና ወጥቷል» አለ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። ይህን ሁሉ አልፈን የፈለግነው እትም እጃችን ሲገባ፣ ሒሱ ያለበት ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ሄዷል። የመኪና ማስታወቂያው ግን አንድም ሳይነካ አለ።

ከዚያ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ዋቢ ለምን ይመሳሰላል ተብለን እንወቀሳለን። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ና የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ደግ መጻሕፍት ናቸው፤ ደጋግመን የምንጠቅሳቸው ግን ደግ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን ስለሚገኙም ጭምር ነው። ያልተገኘ አይጠቀስ።

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ሆይ፣ ንጉሡን «ሠ» እና እሳቱን «ሰ» ፍለጋው ላይ አስታርቁልን። ለቆዩት መጽሔቶችም ማውጫ ሥሩላቸው፤ ከየዓመቱ ተመራቂ ጥቂቱ እንኳ ቢመደብበት ሥራው ይገፋል። አንተም ምላጭ ይዘህ የምትገባው ወንድማችን፣ ስልክህ እኮ ካሜራ አለው።