ባለ ሃያ ብሎኬት ዘፈን

ሌሊት ሌሊት በቴሌግራም የሚላክልኝ ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት ይዞ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ሚክሱ አልቋል። ማስተሩ ብቻ ነው የቀረው፤ ትንሽ ጮክ ይበልልኝ።» እከፍተዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የድምፁ ምስል ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። መግቢያው የት እንዳለቀ፣ አዝማቹ የት እንደጀመረ፣ ድምፃዊው የት ጋ ትንፋሽ እንደወሰደ በዓይን አይለይም። በዲጂታል ድምፅ ጣሪያው ዜሮ ዲሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ፎቅ የለም። ይህ ዘፈን ጣሪያውን በአናቱ እየገፋ መጥቶ ነው ጮክ ይበልልኝ የሚለው።

«ሊሚተሩን አንሣና መልሰህ ላክልኝ» እለዋለሁ። «እሱን ካነሣሁት እኮ ድምፁ ይቀንሳል ጋሼ!» ይለኛል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እሺ ይልና ያነሣዋል። ከማስተሩ ላይ ያነሣና እያንዳንዱ ትራክ ላይ አንድ አንድ አስገብቶ ይልክልኛል። ለከበሮው አንድ፣ ለቤዙ አንድ፣ ለማሲንቆው አንድ፣ ለተቀባዮቹ ሳይቀር አንድ። አራት ማዕዘኑ እንዳለ ነው።

አሁን ግን መቆጣት ትቻለሁ። በየኮንዶሚኒየሙ መኝታ ክፍል የሚሠራበት ይህ ጥበብ ሙገሳ ነው የሚገባው፤ እስከ ዛሬ ሳናሞግሰው የቀረነው ንፉግ ሆነን ነው።

ፍትሐዊነቱን ብቻ ተመልከቱ። ድምፃዊው ሚክሱን ሊሰማ ይመጣል፤ «ድምፄ ተዋጠ» ይላል፤ ሁለት ዲሲቤል ይጨመርለታል። ቤዝ ጊታሪስቱ ይደውላል፤ «እኔ የለሁበትም እንዴ?» ለእሱም ሁለት። ኪቦርዲስቱ የስቱዲዮው ባለቤት ስለሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ሦስት ይወስዳል። ማሲንቆው ሲጠፋ ማሲንቆው ይጨመራል፤ በዚህ መሃል ድምፃዊው እንደገና ይዋጣል፤ እንደገና ይጨመርለታል። በዚያ ክፍል ውስጥ «አንዱን እንቀንስ» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ አያውቅም፤ መቀነስ የሰው ክብር መንካት ነው። በመጨረሻ ሁሉም እኩል ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ማንም ማንንም አይበልጥም፣ ማንም ማንንም አያሰማም። ቀዩ መብራት ቢበራስ? ሊሚተር አለ! ሊሚተር ከጣሪያው ሊያልፍ የሚሞክረውን ድምፅ ሁሉ አናቱን ይዞ የሚያስቀር ፕሮግራም ነው። በልኩ ሲሠሩበት አልፎ አልፎ ያፈነገጠ ምት ይይዛል። ስምንትና አሥር ዲሲቤል ሲገፉበት ግን ምቱን ከትንፋሹ፣ ሹክሹክታውን ከጩኸቱ ጋር አስተካክሎ ይደፈጥጠዋል። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ከጸጥታ እስከ ጩኸት 96 ዲሲቤል ያህል ስፋት ሰጥቶን ነበር። የእኛ ሰዎች ቆጣቢ ናቸው፤ ሦስቱን ተጠቅመው የቀረውን መልሰዋል።

ደግሞስ ያ አራት ማዕዘን! አፍጥጬ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ብሎኬት ነው፤ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ጥጉ የቆመ፣ ምንም ያልጎደለው ብሎኬት። ይህን ያህል ብሎኬት በየሌሊቱ እየተመረተ የአዲስ አበባ ሰው ቤት አጣሁ ማለቱ ያስገርማል። ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር ከምንቆዝም፣ በየመኝታ ክፍሉ የተከፈተውን ፋብሪካ ሁሉ አስተባብረን ወደ ግንባታ ማስገባት ነበረብን። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀጠን ያለ የፍቅር ዘፈን ባለ አሥር ይወጣዋል፤ ለክፍል መክፈያ ይሆናል። ሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን ባለ አሥራ አምስት ነው። ሊሚተር በሊሚተር ላይ ተደራርቦበት፣ ቤዝ ታጭቆበት የመጣው ግን ባለ ሃያ ነው፤ እሱ ለውጭ ግድግዳ ነው፤ ጥይትም አይበሳው። አንድ ሙሉ አልበም አንድ ክፍል ቤት ከነማድ ቤቱ ያስጨርሳል። ፊቸሪንግ ያለበት ከሆነ ጂ ፕላስ ዋን መሆኑ ነው፤ ተጋባዡ ድምፃዊ ከላይ ይኖራል። ሬሚክሱ ለአጥር ይተርፋል።

ግንበኞቹ የሚቸገሩት መጀመሪያ አካባቢ ብቻ ነው። የሲሚንቶው ብሎኬት እንኳ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ለማንሣት ይቀላል፤ የእኛ ዘፈን ግን አንዲት ክፍተት ስለሌለችው ወገብ ይቆርጣል። ፎርማኑ በጠዋት መጥቶ «በየት በኩል ነው ፊቱ?» ብሎ ይጠይቃል። ፊት የለውም፤ ጀርባም የለውም። መግቢያውም መሃሉም መጨረሻውም አንድ ስለሆነ ተገልብጦ ቢቀመጥ የሚያውቅበት የለም፤ ለፈጣን ግንባታ ከዚህ የበለጠ በረከት ከየት ይመጣል? የልስን ወጪም ይቀራል፤ ኢኮው በድምፃዊውም በከበሮውም በቤዙም ላይ ተደርቦ ስለመጣ ግድግዳው ተለስኖ ያለቀለት ነው። የክፍለ ከተማው ባለሙያ ጥንካሬውን ሊፈትሽ ይመጣል። መዶሻ አንሥቶ ቀስ ብሎ ይነካዋል፤ ደግሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታዋል፤ ሁለቱም እኩል ይሰማሉ። ፈርሞ ይሄዳል። ሪል እስቴቱ ማስታወቂያውን ያስነግራል፤ የዋሽንግተንና የዱባይ ወገን ቅድሚያ ክፍያ ያስገባል፤ ቤቱን በጊዜው ይረከባል። ነዋሪው ግን ከገባ በኋላ አንድ ነገር ያስተውላል። በር ሲንኳኳ አይሰማም፤ ሁልጊዜ እየተንኳኳ ነውና። ልጁ ሲስቅና ሲያለቅስ አይለይም። ሚስቱ «እራት ቀርቧል» ያለችውና «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» ያለችው በአንድ መጠን ይደርሰዋል።

ሌላው ችግር ውሃ ማጠጣት ነው። ብሎኬት ከቅርጹ እንደወጣ አይገነባበትም፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለቀናት ውሃ እየጠጣ መጠንከር አለበት። ይህን ሥራ በጀመረ በሳምንቱ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ አምራቾች ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያወጡትን ሳይነጋ ዩቲዩብ ላይ ይጭኑታል። ከምሽት ጀምሮ ሲጮኽበት ያመሸ ጆሮ በዚያ ሰዓት ምን ይለያል? ምንም አይለይም። አሳድሩት። ጠዋት ቡናችሁን ጠጥታችሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከምትወዱት ዘፈን ጎን አድርጋችሁ ስሙት። ያኔ ሌሊት ያልተሰማችሁ ሁሉ ይሰማችኋል።

ይቅርታ፤ እያሞገስኩ ነበር።

ጥበቡን እኛ ፈጠርነው ብለን እንዳንኩራራ ደግሞ ቀዳሚዎች አሉን። የሮክ ባንዱ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ2008 «ዴዝ ማግኔቲክ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ድምፁ እጅግ ከመጨፍለቁ የተነሣ አድማጮቹ ተቆጡ። ያው ዘፈን «ጊታር ሂሮ» ለተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ያን ያህል ሳይጨፈለቅ ተሰጥቶ ስለነበር ብዙዎቹ የጨዋታውን ቅጂ መረጡ። ማስተሩን የሠራው ቴድ ጄንሰን ምን አለ? ዘፈኖቹ እኔ ጋ የደረሱት ቀድመው ተጨፍልቀው ነው አለ። ይህን ሳነብ ደውዬ «አይዞህ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

የድካሙ ፍሬ ደግሞ ይኸውላችሁ። ስፖቲፋይ የዘፈኑን አጠቃላይ ጩኸት ሉፍስ በሚባል መለኪያ ይለካና ከዜሮ በታች 14 አካባቢ ላይ ያደርሰዋል። ዩቲዩብም በዚያው አካባቢ ከወሰነው ልክ በላይ የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ታግላችሁ ከዜሮ በታች 6 ላይ ያደረሳችሁትን ዘፈን ስምንት ዲሲቤል ቀንሶ ያጫውተዋል። ጩኸቱን ይወስድባችኋል፤ ጭፍለቃውን ይተውላችኋል። ሳይጨፈለቅ የተሠራው ዘፈን በዚያው መጠን ሲከፈት ከበሮው ደረት ይመታል፤ የእናንተው ታፍኖ ያልፋል። ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ በገዛ ኤሌክትሪካችሁ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እየተራገማችሁ።

«ታክሲ ውስጥስ?» ይሉኛል። ሹፌሩ በፍላሽ ሲያጫውት ዩቲዩብ መጥቶ አይቀንስለትም፤ ዝቅ ያለ ዘፈን ከጯሂው ቀጥሎ ሲመጣ ያሳፍራል። ይህ ክርክር ጥቂት እውነት አለው። የአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ ከፍ ሲል ሁሉም ነገር የሞላ ይመስላል። ሚክስ የሚሠራውንም ሰው የሚሸውደው ይኸው ነው። ፕላግኢን ያስገባል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ «አሪፍ ሆነ!» ይላል፤ ያሳመረው ፕላግኢኑ ይሁን ጩኸቱ ድምፁን አስተካክሎ አይፈትሽም። የታክሲውን ነገር በተመለከተ ግን ሹፌሩ እጁ ሥር የድምፅ መጨመሪያ አለ። ዘፈኑን ከወደደው ይጨምራል። ካልወደደው ረዳቱ ቀድሞት ያሳልፈዋል።

አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች አንዱን ደግሞ ክፈቱ። ድምፃዊው ስንኙን እስኪጨርስ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ይጠብቃሉ፤ ሲጨርስ ይመልሱለታል፤ እሱ ሲመለስ ዞር ይሉለታል። አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቁ ቅንብሩ ውስጥ ያለቀ ነገር ነው። በእናንተ ዘፈን ኪቦርዱ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው አፉን አይዘጋም፤ ከዚያ ድምፃዊው ለምን አይሰማም ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

የቀረውን ሙገሳ ባጭሩ ልጨርስ። ግድግዳችሁን በእንቁላል ካርቶን ያለበሳችሁ፦ ካርቶኑ ቤዙን አንድ ስንዝር አላስቆመውም፤ እንቁላሉ ግን ሳይጠቅማችሁ አልቀረም። ስፒከሩን ጥግ ወሽቃችሁ፣ ጥጉ የጨመረላችሁን ቤዝ ከዘፈኑ ላይ የቀነሳችሁ፦ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ስሙትና ቤዙን ፈልጉ። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ ክፍል መሃል ለመሃል የተቀመጣችሁ፦ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ ይጠፋና ግድግዳው ጋ ይከማቻል፤ አልተሰማኝም ብላችሁ የጨመራችሁትን ሁሉ ጎረቤታችሁ በነፃ ሰምቶታል። እያንዳንዱን መሣሪያ ሶሎ አድርጋችሁ ለየብቻ ያሳመራችሁ፦ ለየብቻ አምረዋል፤ ሲገናኙ 300 ኸርዝ አካባቢ ተጋፍተው ተፋፍነዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ማሽሟጠጥ አልችልም። ከቅኝት የወጣ ድምፅ የሚያስተካክለውን ኦቶቲዩን የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያቀረበው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ነዳጅ ለመፈለግ ወደ ከርሰ ምድር በሚላክ ሞገድ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስለ አንቺሆዬ ቅኝት እሱ አይጠየቅም። እናንተ ግን እዚሁ ነው ያደጋችሁት። በአንቺሆዬ የተዘፈነ ዘፈን ትቀበሉና ፕሮግራሙን ሲ ሜጀር ላይ አድርጋችሁ፣ ፍጥነቱን ዜሮ ላይ አስቀምጣችሁ ትለቁበታላችሁ። ቅኝቱን ከሲ ብትነሡ ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ ሲ ሜጀር ውስጥ የሉም፤ ፕሮግራሙ ስሕተት መስለውት ወደ ጎን ይገፋቸዋል። ልጅቷ ከእናቷ ጉሮሮ የወረሰችው ማርገብገብ ደረጃ በደረጃ ተቆራርጦ ይወጣል። ቀጥላችሁ ማሲንቆውን፣ በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ የሚሄደውን፣ እሱንም «ታስተካክሉታላችሁ»። ልጅቷ አልሳተችም። ማሲንቆውም አልሳተም። የሳታችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የምቀበለው ይህን ነው። ዋቭ ፋይል፣ 24 ቢት፤ ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች ስድስት ዲሲቤል አካባቢ የቆመ፤ ሊሚተር ማስተሩም ላይ ትራኩም ላይ ያልገባበት። ኤምፒ3 አልቀበልም። «ማስተሩ ላይ ይስተካከላል» ተብሎ የተዋጠ ድምፃዊ አልቀበልም፤ ማስተሩ ላይ አይስተካከልም። ባለ ሃያውን ደግሞ እኔ ጋ አታምጡት። አይሱዙ ተከራይታችሁ በቀጥታ ወደ ሳይቱ ውሰዱት፤ ጫኝና አውራጆቹን ራሳችሁ ቻሉ።