የፔርሙስ ወቅት፦ ስለ ሰኔ ሥርዓቶች የቀረበ ጥናት

የኢትዮጵያ ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜን ነው፤ ይህ የማያከራክር ነው። የተማሪ ልጅ ባለበት የአዲስ አበባ ቤት ግን ዓመት ቀደም ብሎ ያልቃል። ምልክቱም ይታወቃል፦ ሰኔ ሲጋመስ፣ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ሲጀምር፣ "ውድ ወላጆች፣ እንደሚታወቀው የትምህርት ዘመኑ እየተገባደደ ስለሆነ..." የሚል የቴሌግራም መልእክት ይገባል። ይህ ጥናት ከዚያ መልእክት አንሥቶ ካርድ እስከሚታደልበት ቀን ድረስ ያሉትን ሥርዓቶች፣ በተለይም መምህራን የሚመሰገኑበትን ልማድ፣ በየፈርጁ ለይቶ ያቀርባል። ጉዳዩ ከሚገባው በታች ተጠንቷል።

ከታሪክ መነሣት ግድ ነው። በቆሎ ተማሪውና በየኔታ ዘመን መዝጊያ የሚባል ቀን አልነበረም። ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት እስኪደግም የሚማረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በራሱ አቅም ነበር፤ አንዱ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሌላው ጺም እስኪያቀና ይቆያል። 150ውን መዝሙር የዘለቀ ልጅ ወላጆች ግን ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ዘመድ ይጠሩ ነበር። በዚያ ድግስ ላይ የየኔታ ቦታ የታወቀ ነው፤ ከላይ ነው። መጀመሪያ የሚቀርበውም ለእሳቸው ነው። አንባቢ ይህችን ነጥብ ይያዝልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ካስከፈቱ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ተስፋፋና ሁሉም እኩል የሚያበቃበት ቀን አስፈለገ። ቀኑም በልጆች አንደበት ሰኔ 30 ሆነ። ሰኔ 30 ሁለት በዓል ደርቦ የያዘ ቀን ነው። አንደኛው ካርድ መቀበያ ነው። ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂም ማወራረጃ ነው። "ሰኔ 30 እንገናኝ" የተባለ ልጅ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል፤ በዚያ ቀን ለተማታ ዩኒት ሊደር አይጠራውም፣ "ወላጅ አምጣ" አይባልም፣ መስከረም ደግሞ ገና ሩቅ ነው። ዱላ የሚያበዙ መምህራንም ያን ቀን በጓሮ በር ይወጡ ነበር ይባላል። ይህን ከምስጋና ዓይነቶች መመደብ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ስለሆነ ታልፏል።

የዓለም መምህራን ቀን እያለ ምስጋናው ለምን ሰኔን ይጠብቃል የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ቀን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ አማካይነት በየዓመቱ ኦክቶበር 5 ይከበራል፤ በእኛ መስከረም 25 መሆኑ ነው። መስከረም 25 ላይ ወላጁ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪው ገና አልሻረለትም፤ መምህርቷም ልጁን የምትጠራው በታላቅ ወንድሙ ስም ነው። ምንም የሚመሰገን ነገር አልተፈጠረም።

እንግዲህ የሰኔ ሥርዓቶች በአምስት ይከፈላሉ፦ ሀ. የኬጂ ምርቃት፤ ለ. የወላጆች ቀን፤ ሐ. ከለር ዴይ፤ መ. ስጦታ፤ ሠ. ካርድ መቀበያ። ከለር ዴይ ይበልጥ የሚመለከተው ልብስ አጣቢዎችን ስለሆነ እዚህ አይነሣም።

የኬጂ ምርቃት ማለት ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ጋዋን ለብሶና ባለ ዘርፍ ቆብ ደፍቶ የሚመረቅበት ሥርዓት ነው። ይህ ተመራቂ ከዩኒቨርሲቲው ተመራቂ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ ቆቡ ዓይኑ ላይ ይወድቃል፣ ነገ ሥራ ከየት አገኛለሁ ብሎም አይጨነቅም። ቄጤማ በተጎዘጎዘ መድረክ ላይ በቀይ ሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ሲፈታ ባዶ ነው። የተጻፈበት ክፍያ ሲጠናቀቅ ከቢሮ ይወሰዳል።

ከመድረኩ ጀርባ መምህርቷ ተንበርክካለች። አራት መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛለች። በአንድ እጇ የአንዱን ቆብ ከፀጉሩ ጋር ታያይዛለች፣ በሌላው "ሽንቴ መጣ" የሚለውን እጁን ይዛ ታስታግሣለች፤ አፏ ሥራ ላይ ስለሆነ "ተሰለፉ" የምትለው በቅንድቧ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ሲወጡ እልልታው ይቀልጣል፣ የስልክ ካሜራ እንደ ጦር ይመዘዛል። በዕለቱ ከተነሡት ፎቶዎች ውስጥ እሷ ያለችበት አንድ ብቻ ይገኛል፤ በእሱም ላይ የምትታየው ክርኗ ነው።

የወላጆች ቀን የአቀማመጥ ሥርዓት አለው። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በሰው ሸክም የወጣው ሶፋ ለክብር እንግዳው ነው። ፕላስቲክ ወንበር የወላጅ ነው። ልጅ የወላጁ ጭን አለው። መምህር ይቆማል። ይቆማል ማለት እንኳን ትክክል አይደለም፤ ወንበር ያቀብላል፣ ማይክራፎን ይሞክራል፣ ውኃ ያድላል፣ ዝናቡ ሲጥል በድንኳኑ ጣሪያ ላይ ያቆረውን ውኃ በእንጨት እየገፋ ያፈሳል። የክብር እንግዳው በዚህ መሐል ተነሥተው መምህር ራሱ ቀልጦ ለሌላው የሚያበራ ሻማ መሆኑን ያስረዳሉ። ይህ ንግግር በየዓመቱና በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ሲሆን አልፎ አልፎ መሐሉ ላይ መብራት ይጠፋል። ያኔ ጄኔሬተር ለማስነሣት የሚሮጠው ሻማው ነው። ከላይ ትፈለጋለች የተባለችው ነጥብ ይህች ናት።

አሁን ወደ ስጦታ እንምጣ፤ የጥናቱ እምብርት እዚህ ነው።

ስጦታ በግልና በጋራ ይከፈላል። የግሉ አበባ፣ ሽቶና ነጠላ ነው፤ አያስቸግርም። የጋራው የሚወለደው በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። በዚህ ግሩፕ ማንም የራሱ ስም የለውም፤ ሁሉም "የሶልያና እማ" ወይም "የናቲ አባት" ነው። አባላቱም እንዲህ ይመደባሉ።

አስተባባሪዋ፦ ማንም ሳይመርጣት የተመረጠች፤ ስም ዝርዝሩን በቁጥር የምትለጥፍ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ "እስካሁን ያልከፈላችሁ" ብላ የምትጽፍ። አውራ ጣት ላኪው፦ ለሁሉም ሐሳብ አውራ ጣቱን ይልካል፤ ከአውራ ጣቱ በቀር ሌላ ነገር ልኮ አያውቅም። ሐሳብ አፍላቂው፦ ገንዘቡ ተሰብስቦ፣ ዕቃው ተገዝቶ፣ ሪባኑ ከታሰረ በኋላ "ለምን የጥበቃውንም አናካትትም?" ይላል። ደረሰኝ ለጣፊው፦ የላከበትን ስክሪን ሾት ከነሰዓቱ ይለጥፋል፤ መልስ ካላገኘ ይደግመዋል። ስቶ ገቡ፦ በመሐል "ሥጋው በሬው ሲታረድ ነው ወይስ ነገ የምንካፈለው?" ብሎ ይጠይቅና ይሰርዘዋል፤ የቅርጫ ግሩፑ መስሎት ነው። ዝምተኛው፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አይጽፍም፤ በርክክቡ ቀን ግን ስጦታውን ከፊት ይዞ ፎቶ የሚነሣው እሱ ነው።

ቀድሞ ይህ ሁሉ በአንድ ሉክ ወረቀት ያልቅ ነበር። ወረቀቱ በየበሩ ይዞራል፤ ከስም ፊት ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ይታያል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ "ኪሴ ባዶ ነው" ማለት ቀርቶ "ኔትወርክ የለም" ማለት ተተክቷል።

ምን ይገዛ የሚለው ውይይት ሁልጊዜ በወርቅ ይጀምራል። አንዷ እናት "ቀለበት ቢሆንላትስ?" ትላለች፤ አውራ ጣቶች ይዘንባሉ። የተዋጣው ሲቆጠር ቀለበቱ ስልክ ይሆናል፣ ስልኩ የሀገር ልብስ ይሆናል። የሀገር ልብሱ ላይ "ልኳን ማን ያውቃል?" የሚል ጥያቄ ይነሣና ግሩፑ ለሁለት ቀን ጸጥ ይላል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ኋላ ማንም አያስታውስም፣ "ፔርሙስ" ብሎ ይጽፋል።

ፔርሙስ ልክ የለውም። ጾም አይከለክለውም፤ ክርስቲያን ከእስላም አይለይም፤ አይበላሽም፤ ሣጥኑ ትልቅ ስለሆነ በፎቶ ላይ ከዋጋው በላይ ይታያል። እነዚህን አምስት ጠባያት በአንድ ላይ የያዘ ሌላ ዕቃ በመርካቶ አይገኝም።

የፔርሙስ ዝርያዎች አራት ናቸው። አንደኛው ሆዱ መስታወት የሆነው የጥንቱ ፔርሙስ ነው፤ ሻዩን ለረጅም ሰዓት ያቆያል፣ ሲወድቅ ግን ያ "ኩሽ" የሚል ድምፁ ቤተሰቡን ሁሉ ከየክፍሉ ያስወጣል። ሁለተኛው ስቲሉ ነው፤ ቢወድቅ ይጎደጉዳል እንጂ አይሞትም። ሦስተኛው ባለ ፓምፑ ሲሆን አናቱን ሲጫኑት ይተፋል፤ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ እጅ ላይ፣ በመጨረሻ ስኒ ውስጥ። አራተኛው ክዳኑ ላይ የሙቀት መጠን በቁጥር የሚያሳየው ነው። ይህ የተማረ ወገን ፔርሙስ ይባላል፤ ሻዩ መቀዝቀዙን ከመናገር በቀር የሚያደርገው ነገር የለም።

የሕይወት ዑደቱም ልብ ይሏል። በሰኔ የተሰጠ ፔርሙስ ከሣጥኑ አይወጣም። ክረምቱን ቁም ሣጥን ላይ ያሳልፋል። መስከረም ላይ ጎረቤት ስትወልድ አጥሚት ተሞልቶ ወደ አራስ ቤት ይሄዳል፤ ካልሆነም አዲስ ቤት ለገባ ዘመድ ከነሪባኑ ይሰጣል። ያ ዘመድም ልጅ አለው፤ ልጁም መምህርት አለችው። በሙያው የቆዩ አንዲት መምህርት ይህን ስለሚያውቁ በደረሳቸው ሣጥን ሁሉ ታች በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ የ"ራይት" ምልክት ያደርጉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ ክፍል፣ ከማያውቋቸው ወላጆች በጭብጨባ የተቀበሉትን ሣጥን ቤታቸው ገልብጠው ሲያዩት ራይት ሆኖ አገኙት። እሳቸው ግን ዛሬም በዕረፍት ሰዓት ሻይ የሚቀዱት ጎኑ ከተጎደጎደው፣ ራሳቸው ከገዙት ስቲል ነው።

ከምድብ ውጭ የቀረ አንድ ነገር አለ። ወላጆች ከተበተኑ በኋላ የአንዱ ልጅ አያት ነጠላቸውን አጣፍተው ቀስ እያሉ ወደ ክፍሉ ይመጣሉ። ስጦታ አልያዙም፤ ስልካቸውም ቴሌግራም አያውቅም። "ይኸ ልጅ ዛሬ በመንገድ የሱቁን ጽሑፍ ሁሉ እያነበበ አደከመኝ" ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ረጅም ምርቃት ይከተላል፦ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ የልጅ ልጅ ያሳይሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። መምህርቷ "አሜን" እያለች ጠረጴዛው ላይ የማያስፈልገውን ወረቀት ታስተካክላለች። ይህ ከስጦታ ይመደብ ከካርድ መቀበያ ለመወሰን አልተቻለም።

በፊደል "ሠ" የተያዘው ካርድ መቀበያ በሰባት ንዑስ ክፍል ሊቀርብ ታቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ከካርዱ ጋር የመጪው ዓመት የክፍያ ጭማሪ ደብዳቤ ስለሚታደል ከደብዳቤው በኋላ ስለ ምስጋና የሚያወራ ሰው አይገኝም። የቀረው ሰልፍ ወደ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ዞሯል። በክፍሉ ውስጥ የምትገኘው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ እሷም የስልኳን ካልኩሌተር ከፍታ ቆማለች።

"ሚስ፣ ካላስቸገርኩሽ፣ እዚህ 89.56 ይላል፣ አራተኛ። እኔ ስደምረው 89.75 ነው የመጣው፤ በዚያ ከሄደ ሦስተኛ ነው።"

መምህርቷ ያን ሮስተር ለመሙላት ሦስት ሌሊት አልተኛችም፤ የክፍሉን ልጆች ሁሉ ውጤት በእጇ ደምራ፣ በእጇ አካፍላ፣ ደረጃ ያወጣችው እሷው ናት። ቢሆንም ከፈተችው። ዘጠኝ ትምህርት፣ ድምር 806። ሁለቱም እንደገና ደመሩ። እናትየዋ የሰውነት ማጎልመሻን 88 ትምህርት ነው ብላ አልቆጠረችውም ኖሯል።