መንገድማ ድሮ ቀረ

እናንተ ዕድሜ የተጫናችሁ የጉለሌ ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱ። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ መግባት እኮ ድሮ ወግ ነበረው! ስንቅ ይሰነቃል፣ ጎረቤት ይሰናበታል፣ እናት ታለቅሳለች። ዛሬ ልጆቼ «ማርቆስ ደርሰን መጣን» ሲሉኝ ጉሊት ወርደው ቲማቲም ገዝተው የተመለሱ ይመስላሉ። 300 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፣ ጎበዝ!

እኛ የምንሄደው በኤንትሬ ነበር፤ ጨውና አቡጀዲ ተጭኖ፣ ከጭነቱ አናት ላይ ተቀምጠን። ነፋሱ ሲጥም! አቧራውም ቢሆን እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ንጹሕ አቧራ ነው። ጫንጮ ላይ ጎማ ይፈነዳል። እሰየው! ረዳቱ በክሪክ አንስቶ ከመነዳሪውን እስኪለጥፍ፣ እኛ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ» እንባባላለን። ያላወቀ ሀገር ይሰጣል፤ ፍቼ ሳንደርስ ጎጃምን አስረክቤ ከፋን ተቀብያለሁ። ሲመሽ ያገኘንበት እናድራለን። ቁንጫዋ እንኳ ጨዋ ነበረች፤ ነክሳ ትተኛለች።

ዓባይ በረሃስ? ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረድና ያንኑ መልሶ መውጣት ነው። ዳገቱ ላይ ኤንትሬዋ ማቃሰት ስትጀምር ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዱብ ይላል። ከኋላ ጎማዋ ጎን ጎን እየሮጠ፣ ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር እንጨቷን ከጎማው ሥር ወሸቅ፤ ማርሹ ገብቶ ስትነሳ ነጠቅ። ወሸቅ፣ ነጠቅ፣ እስከ ደጀን። እኛም እንዳንከብዳት ወርደን በእግራችን እናዘግማለን። ሒሳቡን ግን ሙሉውን ነው የከፈልነው! አንድ ሰው አላጉረመረመም፤ ያኔ ሰው ማጉረምረም መች ያውቅና።

አሁን በአውቶቡስ ስሄድ ግን ረዳቱ ሸሚዙን ተኩሶ ውሃና ኬክ ያድላል። ለመንገደኛ ኬክ! ሁለተኛውን ስበላ እንኳ ለሆዴ ጠብ አላለለትም። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ደፍኖ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከጎኔ የተቀመጠችውን ልጅ «እንቆቅልሽ» አልኳት። አንዱን ጆሮዋን ነቀል አድርጋ «ቻርጀር ፈልገው ነው አባባ?» አለችኝ።

መስኮቱም አይከፈትም። የዱሮን ነፋስ የለመደ ሰው፣ የማሽን ትንፋሽ እየሳበ ይሂድ? ደግሞ ጎሐ ጽዮን ላይ አንዱ ጎረምሳ የጣሪያውን መስኮት ብድግ አያደርገው መሰላችሁ! «ብርድ ልታስመታኝ ነው ልጄ? ዝጋው!» ብዬ ጮኼ አዘጋሁት። አስተዳደግ የለም።

ወንዙን የተሻገርነው በአዲሱ ድልድይ ነው፤ ጃፓኖች ረድተው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የተመረቀው፣ በገመድ የተወጠረው። እኔ አሁንም አዲሱ እለዋለሁ። ዓባይን አይቼ ላማትብ ግንባሬን ነክቼ፣ ደረቴ ሳልደርስ ማዶ ነበርን። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ምን ይባላል? ለነገሩ ፍቼ ላይ ለምሳ ግማሽ ሰዓት ሲያቆሙን ሹፌሩን «ልናድር ነው ወይ?» ብዬዋለሁ፤ ሰዓት ማክበርም አንድ ነገር ነው።

ከሁሉ የባሰው ፊልሙ። ፊት ለፊት ስክሪን ሰቅለው ያስጮሁታል፤ የሀብታም ልጅ የደሃ ልጅ ይወድና እናትየው «ሞቼ ነው ቆሜ!» ትላለች። እኔ እንዲህ ያለ ቧልት አላይም። ግን እናትየው ልክ አይደለችም፤ ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሴትዮዋ ሆስፒታል ስትተኛ ያስታመመቻት እኮ እሷ ናት! ልጁም ቢሆን ወላዋይ ነው፤ ከጓደኛው ጋር ባይመክር ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተልኮ፣ እናትየው ከሶፋው ተነስታ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ «ማርቆስ ደርሰናል፣ ውረዱ!» ስክሪኑ ድርግም።

ጎማው አንዴ ቢፈነዳ ምን ነበረበት? ተጋቡ፣ አልተጋቡ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያያችሁት ካላችሁ አዲሱ ገበያ ታገኙኛላችሁ፤ ከቅዳሴ መልስ ይሁን።