ሞኝና ወረቀት

ጠበቃ አንቀጥርም ብለን የወሰንነው በስልክ ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ዜግነት ባገኘች ሰሞን ደውላ፣ «ለምን ብዬ ነው ገንዘቤን ለጠበቃ የምገፈግፈው? አንተን ወደዚህ የማመጣበትን ፎርም ራሴ እሞላዋለሁ። አይ-130 ይባላል፣ 535 ዶላር ነው። አንተ ብቻ የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት ላክልኝ» አለችኝ። (ያኔ 535 ነበር፤ ኋላ 675 ገብቷል።) እኔም «ይቺማ ምን አላት!» አልኳት። እኔ «ምን አላት» ያልኩት ነገር ምን ሆኖ እንደሚያልቅ ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም።

መታወቂያዬ የፍኖተ ሰላም ስለነበር እናቴን ለምስክርነት አስከትዬ ወደዚያው ጉዞ ሆነ። እናቴ ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ ወጀት ነው የምትላት። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የበርበሬ ጆንያ ነበር፤ የቡሬ በርበሬ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚቀመጡት ጎረቤት አይደለም። ሳነጥስ «ይማርህ»፣ ሳነጥስ «ይማርህ»፤ ማንኩሳን ሳናልፍ እናቴ መማሩን ትታ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቢሮ ሰው በሰው ነው። ተራችን ደርሶ መዝጋቢዋ ልጅ የእህቴን ፓስፖርት ቅጂና የኔን መታወቂያ ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። እዚያ 1991፣ እዚህ 1983።

«ታላቋ ነህ?»

«ኧረ ታናሿ ነኝ! የሷ በፈረንጅ ነው እኮ» አልኩ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ አዋቂነቴን እንዲሰማልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልጅቱ በጣቷ ቆጠር ቆጠር አድርጋ መጋቢት 6 ቀን 1983 ብላ ጻፈች። ከዚያ መታወቂያዬን ደግማ አየች። ሐምሌ 1983። ከዚያ እናቴን አየቻት።

«እማማ፣ ልጅቱን በመጋቢት ወልደው ይሄን በሐምሌ ደገሙት?»

ወረፋው ዝም አለ። መቼም የኛ ሰው ዝም ብሎ አይቀር፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከኋላ «መንታ ይሆናሉ፤ ይሄኛው ዘግይቶ ነው» አሉ። አንዷ ስታማትብ አየኋት። እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየው። «እሷን የወለድኩ ኢሕአዴግ ጎጃምን የያዘ ጊዜ ነው፤ ሁዳዴ ፆም ነበር። ይሄን በሦስተኛው ዓመት ነው የወለድኩት። አራት ወር ያለው ማነው? አንተ፣ ምን ብለህ ነው ያስጻፍከኝ?»

ምን ልበላት? በ2001 ልጆች ተደራጅተው ብሎኬት ሊያመርቱ ነው ሲባል እኔም ልግባ አልኩ። መታወቂያ አምጣ ተባልኩ። መታወቂያ ደግሞ ለ18 ዓመት ሰው ነው፤ እኔ 15 ነኝ። «ስንትህ ነው?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «18!» አልኩ፤ የቀረውን ሒሳብ እነሱው ሠሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብሎኬቱ እንኳ በክረምቱ ዝናብ ሟሙቶ ቀረ፤ ወረቀቱ ግን የያዘውን አልለቀቀም።

ይሄን ሁሉ ያንን በሚያህል ወረፋ ፊት፣ በርበሬው ባቀላው ዓይን ተናገርኩት። ሽማግሌው «ያለቅሳል እኮ፣ ተዉት» ብለው አዘኑልኝ። በርበሬ ነው ብዬ ማን ሊሰማኝ!

ዕድሜ ማስተካከል ደግሞ የራሱ ዓለም አለው፤ በአርባ ቀኔ ክርስትና ከተነሳሁበት ቤተ ክርስቲያን ማስረጃ፣ ምስክር፣ ኋላም ፍርድ ቤት። ጠበቃ አልቀጠርንም። በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ ሲያየኝ «ደንበኛዬ» ይለኛል። የእህቴ ፎርም በአንድ ምሽት ተሞልቶ ነበር የሚጠብቀኝ።

ወረቀቱ ገባ፣ ደረሰኝም መጣ። «እንግዲህ መቼ ነው?» አለች እናቴ። አሜሪካኖቹ ለእህትና ወንድም ብለው ለዓለሙ ሁሉ የመደቡት በዓመት 65,000 ቪዛ ነው፤ በ2017 እንኳ ተራው የደረሳቸው በኛ ሚሊኒየም፣ በ2000 አካባቢ ያመለከቱ ናቸው። ይሄን ነገርኳት። ጸጥ ብላ ቡናዋን ጠጣች። ሚስትና 21 ያልሞላቸው ልጆችም አብረው ይሄዳሉ ስላት ግን ስኒዋን አስቀመጠች።

ይሄው ማንኩሳ አንዲት ልጅ እያጨችልኝ ነው። ለልጅቱ ቤተሰቦች «አሜሪካ ነው የሚሄደው» ብላቸዋለች። መቼ እንደሆነ አልነገረቻቸውም።