«ሲስተም የለም»፦ ስለ አንድ ሐረግና ስለሚያሰፍነው እርጋታ የቀረበ ጥናት

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የመስኮቷ ሠራተኛ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ ሁለት ቃል ትናገራለች፦ «ሲስተም የለም።» የሚጮህ የለም። አንዲት እናት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ አንድ ነጋዴ ስልኩን አንሥቶ «ባንክ ነኝ» ይላል፤ ጥበቃው አየር እንዲገባ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ጥናቱ የሚያተኩረው በዚህ ጸጥታ ላይ ነው።

በቅድሚያ የቃሉን ጉዳይ እንይ። «የለም» ማለት «ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። የተበላሸ ነገር ቢያንስ አለ። ሲስተም ግን ልክ እንደ ሥራ አስኪያጁ ወጣ ብሏል። ሲመለስም «ተጠገነ» አይባልም፤ «መጣ» ነው የሚባለው። ከዚህ አንጻር ሲስተም የመብራት ታናሽ ወንድም ነው። መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የት ከርሞ እንደመጣ የሚጠይቀው የለም፤ ሲመጣ ግን የሰፈሩ ልጆች በእልልታ ይቀበሉታል።

የሐረጉ የቅርብ ዘመዶችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፦ «ሲስተሙ አልቀበል አለ»፣ «ሲስተሙ ዛሬ ከብዷል»፣ «ኔትወርክ አስቸገረ»። በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ የሰዋስው ባለቤቱ ሲስተም ነው። ከሰዋስው ውጭ ያለውን ባለቤት ማግኘት ግን አልተቻለም። የእርጋታው ምንጭም ይኸው ይመስላል፤ ሰው የሚቆጣው ሰውን ነው። ሠራተኛዋ ከደንበኛው እኩል ተበዳይ ሆና፣ አንዳንዴም ከእሱ ብሳ፣ «እኛም ተቸግረናል» ስትል ምን ይመለስላታል?

እርግጥ ነው፣ ከውጭ በቅርቡ የተመለሰ አንድ ደንበኛ አይጠፋም። «መቼ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አሁን» ነው። ይህ «አሁን» ከአምስት ደቂቃ አንሥቶ እስከ ሰኞ ያለውን ጊዜ በሙሉ ያካትታል። ሰውየው ድምፁን ከፍ ቢያደርግም፣ የጮኸውና ዝም ያለው የሚስተናገዱት እኩል ሰዓት ላይ ነው፤ ልዩነቱ የጮኸው ውኃ መጠጣቱ ብቻ ነው።

ወደ ሕክምናው እንለፍ። የአይቲው ልጅ ይጠራል፤ በስልክም «አጥፍታችሁ አብሩት» ይላል። ብዙዎች ይህን ስንፍና አድርገው ይወስዱታል። በደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 መመሪያ አውጥቶ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ለ248 ቀናት ከቆየ፣ በጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር የሚቆጥረው ቁጥር ሞልቶ ስለሚፈስ፣ አውሮፕላኑ ኤሌክትሪኩን በሙሉ ሊያጣ ይችል ነበር። የታዘዘው መድኃኒት፦ ጊዜው ሳይደርስ አጥፍቶ ማብራት። ይህን አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሆነ፣ የአይቲው ልጅ ዘዴ እንግዳ ነው ሊባል አይችልም።

ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ገጽ አልብሶ አስቀመጠ። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሕንድ ውስጥ የመሳፈሪያ ወረቀት በእስክሪብቶ የተጻፈላቸው መንገደኞች ነበሩ። ማይክሮሶፍት ለአንዳንድ ደንበኞቹ የሰጠው ምክር ማሽኑን ደጋግሞ ሪስታርት ማድረግ ሲሆን፣ እስከ 15 ጊዜ ድረስ ሊያስፈልግ እንደሚችልም ጠቁሟል። የቅርንጫፉ የአይቲ ልጅ ከሦስት አልፎ አያውቅም።

የጥናቱን መደምደሚያ የሚፈታተን አንድ ክስተት ግን አለ። መጋቢት 2016 ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ የጠፋበት ሳይሆን ከልክ በላይ የተገኘበት ሌሊት ነበር፤ ደንበኛ በሂሳቡ ካለው በላይ ማውጣት ቻለ። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ባሉ ኤቲኤሞች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ተያዘ። የሰልፉ ዓላማ ብልሽቱን ማመልከት አልነበረም። ባንኩ ያለአግባብ ወጥቷል ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ነበር፤ መንሥኤው ሲስተም በማሻሻል ላይ የተፈጠረ ችግር እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንም ገልጿል። እዚህ ላይ እርጋታው የታየው በገንዘቡ አመላለስ ነው። አብዛኛው ቢመለስም፣ ባንኩ በመጨረሻ ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎችን ስም እስከ ማውጣት ደርሷል። «ሲስተም ነው» የሚለው መልስ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ለዘመናት የሠራው፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሲሞከር አልሠራም።

ወደ ቅርንጫፉ እንመለስ። 5 ሰዓት ከሃያ ሲሆን እናትየዋ «ልጄ፣ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» ብለው ጠየቁ። «ከሰዓት ይሞክሩ እማማ» ተባሉ። ከሰዓት ለሚመለስ አንባቢ፦ ጠዋት የተቆረጠ የወረፋ ቁጥር ከሰዓት አያገለግልም።