የንጉሥ ሰይፍ፤ በአሶሳ በኩል ሲጠና

በተረት ዓለም የንጉሥ ሰይፍ ከሰማይ ይወርዳል፣ ካልሆነም ጠንቋይ በሌሊት ይቀጠቅጠዋል። የእኛው በመርከብ ነው የመጣው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መኳንንቱ ከታጠቁት ጎራዴ ብዙው ስለቱ የጀርመኗ ሶሊንገን ሥራ ነበር፤ አንዳንዱማ አንበሳውም ጽሑፉም ተቀርጾበት ያለቀለት ነው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ድርሻ የሚፈለገው እጀታውና አፎቱ ላይ ነው፤ ማለትም ወርቁ ላይ።

የወርቁ ነገር ጥናቱን ወደ ቤኒሻንጉሏ አሶሳ ይወስደዋል። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ከቤተ መንግሥቱ ጋር መጀመሪያ በእስር፣ ኋላ በሹመት ተዋወቁ። ግብራቸው ወርቅ ነበር። ባሪያም ነበር፤ የሰይፍ ተረት እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ያልፋል።

ወርቅ አንዴ ከቀለጠ አገሩን አይናገርም። በመሆኑም የትኛው እጀታ ከየትኛው ወንዝ እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ይህም ለታጣቂው እጅግ ምቹ ነው። የእንግሊዞቹ አርተር ከድንጋይ ሰይፍ ስለመዘዘ ነገሠ ይባላል። በቤኒሻንጉል ወንዞች ዳር ጎንበስ ብላ ከአሸዋና ከድንጋይ መሀል ወርቅ በገበቴ አጥባ ያወጣችው ሴት ግን ገበረች። ወርቅ የለበሰ ጎራዴ የታጠቀ ሹም ተጨማሪ ወርቅ ሲጠይቅ ደግሞ "ለምን?" የሚለው የለም። ሰይፉ እንዲህ እያለ ራሱን ያረባል፤ በእንስሳትና በዕፅዋት ብቻ ይታይ የነበረ ጠባይ ነው።

አንድ ክርክር ይቀራል። አበሻ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር፤ ጫፉም ሸማውን ከኋላ ብድግ ያደርገዋል። ተመልካች ፈረንጆች "ይህ ለመምዘዝ አይመችም" ሲሉ ተገረሙ። ትችታቸው ሰይፍ የሚሠራው ለመመዘዝ ነው ከሚል ካልተረጋገጠ ግምት የመነጨ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ በዕንቁ ያጌጠ የወርቅ ሰይፍ፣ በትረ መንግሥት፣ ሉል፣ ቀለበትና ሁለት ጦር ተረከቡ። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወጥተው ተዋጉ፤ በመትረየስ።